ለኩላሊት ጠጠር የትኛው ሌዘር ይሻላል?

የኩላሊት ጠጠር የጀመራት እናት «ምጥ ይሻለኛል» ብትል ማጋነኗ አይደለም። ሕመሙ ከጎን ወይም ከጀርባ በድንገት ይነሣና ወደ ብሽሽት ይወርዳል። መቀመጥም መተኛትም ይከለክላል፤ ያስመልሳል፤ ላብ ያጠምቃል። ጥቂት ቆይቶ ጋብ ሲል ደግሞ ምንም ያልነበረ ይመስላል። ብዙዎቻችንም ያን ጊዜ «ተሻለኝ» ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ጠጠሩ ግን በቦታው አለ።

በዚህ ሳምንት ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረገን ከሐዋሳ ከተማ፣ ከቱላ የደረሰን ጥያቄ ነው። ጠያቂያችን ቱላ የሚኖሩ፣ ሐዋሳ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። በአልትራሳውንድ ሲታዩ በግራ ኩላሊታቸው 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ተገኝቷል። ሐኪሙ «ሳይቀደድ በሌዘር ሊሰበር ይችላል» ብሏቸዋል። ወንድማቸው ደግሞ «ሌዘሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ በአሮጌው እንዳትታከሚ፤ ገንዘብ አጠራቅመን አዲሱ ወዳለበት እንወስድሻለን» ይላቸዋል። የቤተሰቡ እቁብ እስኪደርስ ስድስት ወር ይቀራል። ጥያቄያቸውም አጭር ነው፤ «ልጠብቅ ወይስ ልታከም?»

ይህ ጥያቄ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ስለ ሕክምና መሣሪያዎች የሚነገረው ወሬ በእጅ ስልክ ከቤት ወደ ቤት በሚዞርበት በአሁኑ ጊዜ፣ ብዙ ቤተሰብ የሐኪሙን ቃል ትቶ በመሣሪያው ስም ይጨነቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሌዘሩ ምን እንደሚሠራ፣ ቀጥሎም ሁለቱ ሌዘሮች በምን እንደሚለያዩ፣ በመጨረሻም ለአንዲት እናት ኩላሊት ከሌዘሩ ስም የሚበልጠው ነገር ምን እንደሆነ እንመልከት።

መክካትና መፍጨት

ሌዘር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ፣ የተሰበሰበ ኀይለኛ ብርሃን ነው። የመጀመሪያውን ሌዘር አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ቴዎዶር ማይማን እ.ኤ.አ. በ1960 ሠሩ። በ1980ዎቹ ሐኪሞች ለጠጠር ሕክምና ይጠቀሙባቸው የነበሩት ሌዘሮች አንዳንድ ጠንካራ ጠጠሮችን መስበር ይሳናቸው ነበር። በ1990ዎቹ ሆልሚየም የተባለው ሌዘር ወደ ሕክምናው ሲገባ ግን ይህ ችግር ተቃለለ፤ ሁሉንም የጠጠር ዓይነት የሚሰብር መሣሪያ ተገኘ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታካሚዋ ማደንዘዣ ከተሰጣት በኋላ ሐኪሙ በሽንት መውጫ በኩል ቀጭን መመልከቻ ያስገባል። መመልከቻው በሽንት ፊኛ አልፎ፣ ፊኛን ከኩላሊት ጋር በሚያገናኘው የሽንት ቧንቧ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ሆድም ጀርባም አይቀደድም። በመመልከቻው ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ መስታወት ያልፋል፤ የሌዘሩም ብርሃን በዚህ ክር ተጉዞ ጠጠሩ ላይ ያርፋል። ሐኪሙ ሁሉንም ነገር በቴሌቪዥን መስኮት እያየ ይሠራል።

ጠጠሩን ለመስበር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንደ መክካት ነው። ጠጠሩ ወደ ጥቂት ስብርባሪ ይከፈልና ሐኪሙ ስብርባሪውን በትንሽ የሽቦ መረብ ለቅሞ ያወጣዋል። ሁለተኛው እንደ መፍጨት ነው። ጠጠሩ ከላይ ከላዩ እየተፋቀ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱም ከሽንት ጋር ይወርዳል። የትኛው መንገድ እንደሚሻል የሚወስነው ሐኪሙ የጠጠሩን መጠን፣ ጥንካሬና ቦታ አይቶ ነው።

ቱሊየም ከቱላ አልመጣም

ሆልሚየምና ቱሊየም የሁለት ብረቶች ስም ነው። ሁለቱንም ስም ያወጡት ስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፔር ቴዎዶር ክሌቨ ሲሆኑ፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1879 ነበር። ሆልሚየም ከስቶክሆልም ከተማ የላቲን ስም የተወሰደ ነው። ቱሊየም ደግሞ የጥንት ሰዎች በሰሜን ጫፍ አለ ይሉት ከነበረው ቱሌ ከሚባል አገር ስም የመጣ ነው። ስለዚህ የቱላ አንባቢዎቻችን ቅር አይበላቸው እንጂ፣ አዲሱ ሌዘር ከቱላ ጋር ዝምድና የለውም።

የሁለቱም ብርሃን በዓይን አይታይም። የሆልሚየም የብርሃን ሞገድ ርዝመት 2100 ናኖሜትር ያህል ነው፤ የቱሊየሙ 1940 ናኖሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ውጤቱ ትንሽ አይደለም። ውሃ የቱሊየምን ብርሃን ከሆልሚየሙ አራት እጥፍ ያህል አብልጦ ይመጥጣል። በጠጠሩ ውስጥና በዙሪያው ደግሞ ውሃ አለ። ስለሆነም የቱሊየሙ ኀይል ብዙ ርቀት ሳይሄድ እዚያው ጠጠሩ ላይ ያርፋል።

ከዚህ የተነሣ ቱሊየም አራት ጥቅሞች አሉት። በመጀመሪያ፣ ጠጠሩን በጣም አድቅቆ ይፈጫል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ጠጠሩን ገፍቶ ወደ ኋላ አያሸሽም። ሆልሚየም በእያንዳንዱ ምት ጠጠሩን የመግፋት ጠባይ ስላለው፣ አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ የሸሸውን ጠጠር መከታተል ግድ ይሆንበታል። በሦስተኛ ደረጃ፣ የብርሃኑ ክር ይበልጥ ሊቀጥን ይችላል። የሆልሚየም ክር በአብዛኛው ከ200 ማይክሮን አያንስም፤ የቱሊየሙ 150 ማይክሮን ሊሆን ይችላል። አንድ ሚሊ ሜትር 1000 ማይክሮን መሆኑን ልብ ይሏል። ክሩ ሲቀጥን መመልከቻው እንደ ልብ ይታጠፋል፤ የማጠቢያውም ውሃ በደንብ ያልፋል። በአራተኛ ደረጃ፣ የቱሊየም መሣሪያ ከተራ የግድግዳ ሶኬት በሚገኝ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ከፍተኛ ኀይል ያላቸው የሆልሚየም መሣሪያዎች ግን በውሃ የሚቀዘቅዙና ልዩ የኤሌክትሪክ መስመር የሚፈልጉ ናቸው።

ሆልሚየምም የራሱ ሚዛን አለው። ከ30 ዓመት ያላነሰ ጊዜ የተሠራበት፣ ጠባዩ የታወቀና ብዙ ሐኪሞች የሠለጠኑበት መሣሪያ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም የብርሃኑን አመታት በማስተካከል ጠጠሩን እንዳይገፋ ያደረጉ አዳዲስ የሆልሚየም ዓይነቶች ወጥተዋል። ስለዚህ «ሆልሚየም» የሚለው ስም ብቻውን አሮጌ ማለት አይደለም።

ሁለቱ የሚጋሩት ጉዳትም አለ፤ ይኸውም ሙቀት ነው። ሌዘሩ ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ ኀይል ከተለቀቀ በኩላሊቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ያሞቃል፤ ሥጋውንም ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሙ ውሃ እያፈሰሰ፣ ኀይሉን እየመጠነና እያረፈ የሚሠራው ለዚህ ነው። ይህን የሚጠብቀው የሐኪሙ እጅ ነው፤ የመሣሪያው ስም አይደለም።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ የኖርዌይ ጥናት 120 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተመልክቷል። እኩሌቶቹ በሆልሚየም፣ እኩሌቶቹ በቱሊየም ታከሙ። ጠጠሩ በኩላሊት ውስጥ በነበረባቸው ሕሙማን፣ ከሦስት ወር በኋላ ሲታይ በቱሊየም ከታከሙት ከመቶ 86ቱ ከጠጠር ነጻ ሆነው ሲገኙ፣ በሆልሚየም ከታከሙት ግን ከመቶ 49ኙ ብቻ ነጻ ሆኑ። ጠጠሩ ወደ ሽንት ቧንቧ ወርዶ በነበረባቸው ሕሙማን ደግሞ በሁለቱም ሌዘር የታከሙት ሁሉ ከጠጠር ነጻ ሆነዋል።

ይህን ብቻ ያነበበ ሰው የቱላውን ወንድም ልክ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 108 ሕሙማንን በተመሳሳይ ሁኔታ በዕጣ ከፍሎ፣ ቱሊየምን አመታቱ ከተሻሻለው የሆልሚየም ዓይነት ጋር አወዳደረ። በዚህኛው ጥናት በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ስናያቸው ፍርዱ እንዲህ ይሆናል። ጠጠሩ በሽንት ቧንቧ ውስጥ ከሆነ በሌዘር ዓይነት መጨነቅ አያስፈልግም። በኩላሊት ውስጥ ከሆነ ቱሊየም ከተለመደው ሆልሚየም ሊሻል ይችላል፤ ከተሻሻለው ሆልሚየም ጋር ግን እኩል ለእኩል ነው።

ከሌዘሩ ስም የሚቀድሙ ነገሮች

በመጀመሪያ የጠጠሩ መጠን ይጠየቃል። ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በውሃና በሕመም ማስታገሻ፣ በሐኪም ክትትል ራሱ ይወርዳል። ከ2 ሴንቲ ሜትር የበለጠ የኩላሊት ጠጠር ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በጀርባ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ በቀጥታ ወደ ኩላሊት መግባት ነው። በመካከሉ ያሉት በመመልከቻና በሌዘር፣ ወይም ከሰውነት ውጭ በሚላክ የድምፅ ሞገድ ምት ሊሰበሩ ይችላሉ። ወደ ሽንት ቧንቧ የወረደን ጠጠር በአየር ግፊት እየመታ የሚሰብር መሣሪያም አለ፤ ሌዘር በሌለበት ሆስፒታል ይህ መሣሪያ ጥሩ ሥራ ይሠራል።

እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ግዴታ ነው። ለነፍሰ ጡር የድምፅ ሞገድ ምት ፈጽሞ አይሰጥም፤ ምርመራውም በተቻለ መጠን በአልትራሳውንድ ይሆናል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ እናትም ይህንኑ ማሳወቅ አለባት። ከሕክምናው በፊት የሽንት ምርመራ ይደረጋል፤ በሽንት ውስጥ ተዋሕስያን እያሉ ጠጠር ቢሰበር መርዛቸው ወደ ደም ሊገባ ይችላልና።

አንድ ቀን እንኳ የማይጠበቅበት ሁኔታም አለ። የጎን ሕመም ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ፣ ሽንት ፈጽሞ ከቆመ፣ ማስመለሱ ውሃ እንኳ አላስቀምጥ ካለ፣ ወይም ታካሚዋ ያላት ኩላሊት አንድ ብቻ ከሆነ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ጠጠር የዘጋው ኩላሊት ካመረቀዘ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ የሚያደርገው ጠጠሩን መስበር አይደለም። በቅድሚያ የታቈረው ሽንት በቱቦ እንዲወጣ ይደረጋል፤ መድኃኒት ይሰጣል፤ ጠጠሩ የሚሰበረው ሕመምተኛዋ ካገገመች በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ይዛ ቤቷ የተኛች እናት የትኛውም ሌዘር አይደርስላትም።

የሚረሳው ቱቦ

ጠጠሩ ከተሰበረ በኋላ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከኩላሊት እስከ ፊኛ የሚደርስ ለስላሳ ቀጭን ቱቦ አስቀምጦ ይወጣል። ስቴንት ይባላል። ቧንቧው ቢያብጥ ሽንት እንዳይታገድ ይረዳል። ቱቦው ባለበት ጊዜ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣቱ፣ ጎን ማመሙና ሽንቱ ቀላ ማለቱ የተለመደ ነው።

ይህ ቱቦ የሚቀመጠው ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ብቻ ነው። ሕመሙ ስለለቀቃት፣ የመመለሻ ገንዘብ ስላጣች፣ ወይም ፈቃድ ስላላገኘች ሳታስወጣው የቀረች እናት ትልቅ አደጋ ላይ ናት። በቆየው ቱቦ ላይ ጠጠር እየተጋገረበት ይሄዳል። ወራት ሲያልፉ ቱቦው ራሱ ኩላሊቱን ይዘጋል፤ እሱን ለማውጣት የሚደረገው ሕክምና ከመጀመሪያው የከበደ ይሆናል፤ ኩላሊት እስከ ማጣትም ያደርሳል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት «ቱቦ ገብቶልኛል ወይ? መቼ ይወጣል? የት?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፉት። ባለቤታችሁና ታላቁ ልጅም ይወቁት። ለሕክምና ከምትቆጥቡት ገንዘብ ላይ የቱቦው ማስወጫ መጓጓዣ አስቀድሞ ይነሣ።

ለቱላዋ እናት

ለጥያቄያቸው የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ስድስት ወር መጠበቅ ይቻል እንደሆነ የሚወስነው የኩላሊትዎ ሁኔታ ነው፤ የሌዘሩ ስም አይደለም። 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ኩላሊቱን ካልዘጋ፣ ትኩሳት ከሌለና ሽንቱ ንጹሕ ከሆነ፣ ሕክምናው በዕቅድ ሊደረግ ይችላል። ኩላሊቱ በአልትራሳውንድ ሲታይ ውሃ ቋጥሮ ካበጠ ግን እቁቡን መጠበቅ አይገባም። ያበጠ ኩላሊት ሕመሙ ጠፍቶም እንኳ ቀስ በቀስ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ከጤና ጣቢያ ወይም ከሚከታተሉበት ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ይዘው፣ የአልትራሳውንዱን ውጤት ሳይጥሉ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሂዱ። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያውን አይርሱ፤ መድኑ በሪፈር ሰንሰለቱ ለሄደ አባል ነውና። ሐኪሙንም እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይጠይቁ። ጠጠሩ በየትኛው የኩላሊት ክፍል ነው? ኩላሊቱ አብጧል ወይ? ለእኔ የሚስማማው የትኛው ዘዴ ነው? ይህን ሕክምና ዘወትር የሚሠራው ማን ነው፤ የት ነው? ቱቦ ከገባ መቼ ይወጣል?

ዘወትር የሚሠራ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ሆልሚየም ቢኖረው፣ ያለ ሥጋት በእሱ ይታከሙ። ቱሊየምም ካለ መልካም ነው። ወንድምዎም ያሰቡት በጎ ነገር መሆኑን እናምናለን። ያጠራቀሙት ገንዘብ ለመጓጓዣ፣ ለመድኃኒት፣ ቱቦውን ለማስወጣትና እርስዎ ከሥራ ለሚቀሩባቸው ቀናት ይበልጥ ይጠቅማል።

ጠጠሩ ተመልሶ እንዳይመጣ

ጠጠር አንድ ጊዜ የያዘው ሰው እንደገና የመያዝ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ሌዘር የተሠራውን ጠጠር ይሰብራል እንጂ አዲሱን አይከለክልም። አዲሱን የሚከለክለው ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። ጠጠር የያዘው ሰው በቀን ከ2 ሊትር ተኩል ያላነሰ ሽንት እንዲሸና ይመከራል፤ ለዚህም የሚጠጣው ከዚያ መብለጥ አለበት። ሽንቱ ነጣ ያለ ከሆነ በቂ ጠጥታችኋል፤ እንደ ጠጅ ከጠቆረ ግን አልበቃችሁም።

እዚህ ላይ ስለ ሠራተኞች አንድ ነገር መናገር ይገባል። ከስፌት መኪና ላለመነሣት፣ ወይም መጸዳጃው ሩቅ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ እኅቶች ጥቂት አይደሉም። ይህ ልማድ ለጠጠር መንገድ ይከፍታል። የፋብሪካ ኀላፊዎች ውሃና መጸዳጃ በቅርብ እንዲገኝ፣ ሠራተኛዋም ለመነሣት እንዳትሸማቀቅ ቢያደርጉ ለሥራውም ይበጃል፤ ጠጠር የጣላት ሠራተኛ ብዙ ቀን ከሥራ ትቀራለችና።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ አንዳንድ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርስ እንደሚያበልዝና አጥንት እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ይህን ሰምተው ውሃ መጠጣት የሚቀንሱ አሉ። መፍትሔው የተሻለ ውሃ መፈለግ ነው፤ መጠማት ግን ለኩላሊት ሌላ ጉዳት ይጨምራል።

ወተትን በተመለከተም የተሳሳተ ወሬ አለ። ጠጠሩ በአብዛኛው ካልሲየም ያለበት ስለሆነ «ወተትና አይብ ተዪ» ይባላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመና ከ90,000 በላይ የአሜሪካ ሴት ነርሶችን የተከታተለ ጥናት፣ ከምግብ ብዙ ካልሲየም የሚያገኙት ሴቶች በጠጠር የመያዛቸው ዕድል ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱም በምግብ ውስጥ ያለው ካልሲየም፣ ኦክሳሌት የተባለውን ጠጠር ሠሪ ነገር አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ የካልሲየም ክኒን ግን እንዲህ ያለ ጥቅም አልታየበትም። ስለዚህ ቡርሳሜውንም በወተት፣ ጎመኑንም በአይብ መብላት ጥፋት የለውም። ኦክሳሌት የሚበዛባቸው ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ለውዝና ጠቆር ያለ ሻይ ግን በልክ ይሁኑ። ጨው ይቀነስ፤ ጨው በበዛ ቁጥር ኩላሊት ካልሲየምን ወደ ሽንት ይለቃል። ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ፣ ስኳር ሳይበዛበት፣ ጥሩ መጠጥ ነው።

እናቶች ሆይ፣ ባል ወይም ልጅ ሲታመም አንድ ቀን አናሳድርም። ራሳችን ስንታመም ግን «ይለፍልኝ» እንላለን። የጎን ሕመም ተነሥቶ የጠፋ እንደሆነ ጠጠሩ ወጥቷል ብላችሁ አትደምድሙ፤ ታዩ። አንድ ብርጭቆ ውሃም አሁኑኑ ጠጡ።